አንሶላው እንዳይረጥብ

በመጦሪያ ቤቱ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ስሠራ፣ ሰው ፊት ቆሜ የተመሰገንኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። በምን እንደተመሰገንኩ ግን ለባለቤቴም ለልጆቼም ነግሬያቸው አላውቅም። ልጆቼ እናታቸው በወጣትነቷ አረጋውያንን ትንከባከብ እንደነበር ያውቃሉ፤ ለሰው ሲያወሩም በኩራት ነው። እነሱ ወሬውን ሲጀምሩ እኔ አንድ ሥራ ፈልጌ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ነገሩ የሆነው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ብስራተ ገብርኤል እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን መካኒሳ ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ምግብ ያበስሉ ነበርና አንድ ቀን ለእናቴ፣ ልጅሽ ሽማግሌ ማጠብ ካልተጸየፈች ሥራ አለ ብለው ነገሯት። እናቴ እኔን ሳትጠይቅ አትጸየፍም ብላ መለሰች። በማግስቱ በእግሬ ሄጄ ተቀጠርኩ።

እውነቱን ለመናገር እጸየፍ ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ምሳ መብላት አልቻልኩም። መጦሪያው ድሮ የእህል መጋዘን የነበሩ ሁለት ረጃጅም የቆርቆሮ ቤቶች ናቸው፤ አንዱ የአባቶች፣ አንዱ የእናቶች። በእናቶች ክፍል አሥራ አራት አልጋ ነበር። ስምንቱ እናቶች በምርኩዝም በሰው ትከሻም ተደግፈው ሽንት ቤት ይደርሳሉ። ስድስቱ ግን ከአልጋ አይነሱም። መጉረሱም መታጠቡም ጎን መለወጡም በሰው እጅ ነው። ለእኔ የተሰጡኝ እነዚያ ስድስቱ ናቸው።

ሥራውን ያስተማረችኝ ከወላይታ የመጣች፣ በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል የምትበልጠኝ ሴት ናት። ጴንጤ ነበረች፤ ስትሠራ ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ ትዘምራለች። መጀመሪያ ያሳየችኝ እንዴት እንደሚታጠብ አይደለም። ሁለት አልጋ መሃል ገመድ አስራ አሮጌ አንሶላ እንደ መጋረጃ ሰቀለች፤ ከዚያ በበሩ በኩል ወዳለው አልጋ ጎንበስ ብላ "እማማ፣ ልገልጥዎት ነው፤ ይፍቀዱልኝ" አለች። አዛውንቷ መልስ የሚሰጡ አልነበሩም፤ ከተናገሩ ዓመት አልፏቸዋል። እሷ ግን ትንሽ ጠበቀች፣ ሰው መልሶላት እንደሆነ ሁሉ። ብርድ ልብሱን እስከ ወገብ ብቻ ገልጣ አጠበች፣ አደረቀች፣ ሸፈነች፤ ከዚያ የቀረውን ገለጠች። እኔ ጣሳ ይዤ ቆሜ የማስበው፣ በዚህ አያያዝ ስድስት ሰው መቼ ታጥቦ ያልቃል የሚለውን ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ የአባቶች ክፍል አስታማሚ ሥራ ለቆ እሷ ወደዚያ ተዛወረች። ስድስቱ እናቶች ለእኔ ብቻ ቀሩ። መጋረጃውን መስቀል ትቼ ነበር፤ መቼ እንደተውኩት እንኳ አላስታውስም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት የሽንት ሽታ ፊቴን ይመታኛል። የሌሊት ተረኛዋ ለሁለቱም ቤት አንድ ብቻ ስለሆነች አንሶላ የምትቀይርበት ጊዜ አልነበራትም። የረጠበ ያድራል። የእኔ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እያንዳንዳቸውን ወደ ጎን ገልብጬ አንሶላውን ስቤ አወጣለሁ፣ ከሥር ያለውን ላስቲክ በጨርቅ አጸዳለሁ፣ ገላቸውን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። ቁርስ አጉርሼ ስጨርስ የአንሶላውን ክምር ጓሮ ወስጄ በሳፋ እዘፈዝፋለሁ። የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚመጣው፤ በሌላው ቀን ከበርሜል እየቀዳን ነው። በረኪናው ጣቶቼን ሰነጣጥቆ ሌሊት እንኳ ያቃጥለኝ ነበር።

በበጋ ይሄ ሁሉ ይቻላል። ክረምት ሲገባ ግን አንሶላ አይደርቅም። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ገመድ ወጥረን እንሰቅላለን፤ ሁለት ቀን ሦስት ቀን ተሰቅሎ እርጥበቱ አይለቀውም። ቅያሪ ሲያልቅብኝ እርጥበት ያለውን አንሶላ አነጥፋለሁ። በዚህ የተነሳ የሁለቱ እናቶች ዳሌ ቆስሎ ነበር።

ኃላፊያችን በሙያቸው ነርስ ስለነበሩ ሁላችንም ሲስተር እንላቸዋለን። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የመኝታ ቁስል ሰው እንደሚገድል ያውቃሉ፣ ስለዚህ እርጥበትን ይጠሉ ነበር። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እኔ ስድስቱንም ቀይሬ ሳልጨርስ፣ ይገቡና ከአልጋ አልጋ እየዞሩ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር ሰደድ አድርገው ይዳስሳሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ "ይቺ ረጥባለች" ይላሉ። ቀጥሎ "ይቺም"። ያ ቃል ሲነገር እናቶቹ ፊታቸውን በጋቢ ይሸፍናሉ፤ የማይናገሩት እንኳ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ ይህን አይ ነበር። ግን ያን ጊዜ ያሳዘነኝ የእነሱ መሸማቀቅ አልነበረም። ከአሥራ አራቱ ሁሉ የሚረጥበው የእኔ ወገን ነው፣ ስሜ የሚነሳውም በእርጥበት ነው። አንድ ጠዋት ሲስተር በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ይህ የልጅቷ ስንፍና ነው አሉ። አለቀስኩ።

በሐምሌ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ውሃ ጠፋ። በርሜል ውስጥ የቀረው ለወጥም አይበቃም ብለን ስለሰጋን የአሥር ሰዓቱ ሻይ ቀረ፤ የሚጠጣ ውሃም በግማሽ ሆነ። በማግስቱ ጠዋት እጄን ከብርድ ልብሶቹ ሥር ስሰድ ከስድስቱ አራቱ ደረቅ ነበሩ። ቆሜ በድጋሚ ዳሰስኩ። በሚቀጥለው ቀን አምስቱ ደረቁ። ሲስተር ዞረው ጨረሱና ምንም ሳይሉ ወጡ። ያን ቀን ጓሮ የወሰድኩት አንድ አንሶላ ብቻ ነው። እግዚአብሔር መውጫ ያሳየኝ መስሎኝ አመሰገንኩት።

ውሃው ተመልሶ መጣ። ሻዩም ተመለሰ። ለሚሄዱት ስምንቱ ተቀዳላቸው። የእኔን ስድስት ብርጭቆ ግን ከወጥ ቤት ተቀብዬ በር ላይ መልሼ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ገለበጥኩት። ማንም አላየኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርዓት አወጣሁ፤ ጠዋት በቁርስ አንድ ብርጭቆ፣ በምሳ ግማሽ፣ ከምሳ በኋላ ምንም። እራት ፍትፍት ነበር፤ ያለ ውሃ አጎርሳቸዋለሁ። አንዳንዷ እስክትውጥ ረጅም ጊዜ ይወስድባታል። እጠብቃለሁ እንጂ አልሰጥም። ለማንም አልነገርኩም፣ ማንም አላዘዘኝም። የራሴ ብልሃት ነበር።

ከስድስቱ መናገር የሚችሉት ሁለት ነበሩ። አንደኛዋ ቀኑንም ሰዉንም ስለሚያምታቱ የሚሉትን ከቁም ነገር የሚቆጥረው አልነበረም። ሌላዋ በመስኮቱ በኩል ካለው የመጨረሻ አልጋ የተኙት ናቸው። ግማሽ ጎናቸው በድን ሆኖ አፋቸው ወደ አንድ በኩል ዘንበል ቢልም አእምሯቸው ንጹሕ ነበር። አርባ ዓመት ያህል በሰው ቤት ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም፤ ሌላ ሰው አልነበራቸውም። የሚሠራው እጃቸው ጣቶች በመገጣጠሚያው አብጠው ቆልመም ብለው ነበር፤ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ የተበላ እጅ መሆኑን እኔም አሁን ከራሴ እጅ አውቀዋለሁ።

እሳቸው ወዲያው አወቁ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሌሎቹ ሻይ ሲጠጡ አይተው፣ ለእኛስ አልመጣም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያዘጋጀሁትን መልስ ነገርኳቸው። "እማማ፣ አሁን ከጠጡ ሌሊት ይረጥባሉ። ረጥበው ከሚያድሩ ይቅርብዎ ብዬ ነው።"

አንገታቸውን በቀስታ አዙረው በመስኮቱ ወደ ክፈፉ ሥር፣ ዝናቡ እየፈነጠቀባቸው ወደሚወዛወዙት አንሶላዎች ተመለከቱ።

"በዚህ ዝናብ ስንት ታጥቢያለሽ?"

"ስድስት፣ ሰባት። አንዳንድ ቀን ከዚያም በላይ።"

"አውቀዋለሁ" አሉ። "ክረምት አንሶላ የሚያጥብን ሰው አውቀዋለሁ። ተይው በቃ፣ እችለዋለሁ።"

ስለተረዱኝ ደስ አለኝ። ውሃ ጥም ስንት ቀን እንደሚቻል አልጠየቅኩም። ፈቃዳቸውን እንደ ደረሰኝ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት፤ የሌሎቹን አምስቱንም ፈቃድ ያገኘሁ መሰለኝ።

ማታ ከመውጣቴ በፊት የሁሉንም ፊት በረጠበ ጨርቅ እጠርግ ነበር። አንድ ቀን የመስኮቷን እናት ፊት ስጠርግ ጨርቁ ከንፈራቸው ላይ ሲደርስ ጫፉን በጥርሳቸው ያዙት። ያሉት ጥቂት ጥርሶች ናቸው፤ ግን አጥብቀው ያዙ። ሳብኩት፣ አልለቀቁም። "እማማ፣ ፎጣ ይበላል እንዴ?" አልኳቸው እየሳቅኩ። አጠገባቸው ያሉትም ሳቁ። ወጥ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው፤ እዚያም ተሳቀ፤ እርጅና ሰውን ሕፃን ያደርገዋል ተባለ።

በማግስቱም ያዙት። በሦስተኛውም ቀን። እኔ ከዚያ በኋላ ምን አደረግኩ? ወደ አልጋቸው ከመቅረቤ በፊት ጨርቁን አጥብቄ መጭመቅ ጀመርኩ። ጠብታ እስከማይቀረው ጨምቄ ነበር የምቀርበው። ልጅ ነበርሽ፣ አላወቅሽም ነበር የሚለኝ ሰው ቢኖር ይህን እነግረዋለሁ። ጨርቅ የሚጨምቅ ሰው በጨርቁ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ያውቃል።

ዘመን መለወጫ ሲቃረብ ለአረጋውያኑ ስጦታ የያዙ እንግዶች መጡ፤ አብዛኞቹ ነጠላ የለበሱ የተከበሩ እናቶች ናቸው። ሲስተር ከሁለት ቀን በፊት አስጠንቅቀውን ክፍሉን በበረኪና ወለወልን። የእንግዶቹ ቀን ጠዋት የእናቶቹን ከንፈር አየሁት፤ ተሰነጣጥቆ ቅርፊት አበጅቷል፤ የአንዷ ጥግ ጥጉ ደም ነክቶታል። ቫዝሊን አምጥቼ ቀባኋቸው። ወዛቸው መልካም መሰለ።

እንግዶቹ ገብተው አፍንጫቸውን በነጠላ ሊይዙ እጃቸውን ካነሱ በኋላ መልሰው ሲያወርዱት አየሁ። አንዲቱ "ሽታ የለም እኮ" አለች። ሲስተር ደስ ብሏቸው በመስኮቱ በኩል ወዳለው አልጋ ሄዱና ብርድ ልብሱን እስከ እግር ድረስ ገለጡት፣ አንሶላው እንዴት ነጭና ደረቅ እንደሆነ ለማሳየት። የእማማ ቀሚስ እስከ ጭናቸው ተሰብስቦ ነበር። ሃያ ያህል ሰው ቆሞ ሲያይ እሳቸው በሚሠራው እጃቸው ቀሚሱን ወደ ታች ለመሳብ ሞከሩ፤ አልደረሰላቸውም። ሁለት እርምጃ ላይ ቆሜያለሁ። ሄጄ መሳብ እችል ነበር። ነገር ግን ሲስተር በዚያ ቅጽበት ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ ይሄ ሁሉ የዚህች ልጅ ሥራ ነው እያሉ ስለነበር፣ ቀና ብዬ መቆም ያለብኝ መሰለኝ። አጨበጨቡልኝ። ከእንግዶቹ አንዲት እናት ጉንጬን ሳሙኝና እግዚአብሔር በእርጅናሽ የሚጦርሽ አይንሳሽ ብለው መረቁኝ።

እንግዶቹ ወደ አባቶች ክፍል ሲሄዱ ቀሚሱን አስተካክዬ አለበስኳቸው። እማማ "ከንፈሬ ላይ ያደረግሽው ምንድነው? ቀዝቀዝ ይላል" ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

መስከረም ከገባ በሁለተኛው ሳምንት እማማ ብዙ መተኛት ጀመሩ። ስቀሰቅሳቸው በሌላ ሰው ስም ይጠሩኛል፤ በኋላ እንደገባኝ የድሮ አሠሪያቸውን ልጅ ስም ነው። ሽንታቸው ጥቂትና የጠቆረ ሆነ። እኔም ራሴን፣ ዕድሜ ነው፣ መሄጃቸው ደርሶ ነው እያልኩ አሳመንኩት። አንድ ጠዋት ግን ትኩሳት ይዟቸው፣ ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ አልነቃ አሉ። ሲስተር አይተዋቸው ባስቸኳይ ሆስፒታል ይሂዱ አሉ፤ ከሁሉም ይልቅ የምታውቂያቸው አንቺ ስለሆንሽ አብረሽ ሂጂ ብለው እኔን ላኩኝ።

አንድ ውይይት ታክሲ ተለምኖ ቆመልን። ዘበኛው ተሸክሞ አስገባቸውና በጋቢ ጠቅልዬ ትከሻዬ ላይ አስደገፍኳቸው። ከመካኒሳ እስክንወጣ መንገዱ ጉድጓድ ነበር፤ ጭንቅላታቸው በየጉድጓዱ አገጬን ይመታኛል። ምንም አይከብዱም ነበር። ሰው እንዲህ እንደሚቀል አላውቅም ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ያየን ወጣት ሐኪም ነው። የእጃቸውን ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው። ቆዳው አልተመለሰም፤ እንደተሰበሰበ ቆየ። ምላሳቸውን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "በቀን ምን ያህል ውሃ ይጠጣሉ?" አለኝ።

ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም የሚሰሙ መሰለኝ። "እሳቸው ውሃ አይወዱም" አልኩ።

"አይወዱም ማለት?"

"ስሰጣቸው... አይፈልጉም።"

ሐኪሙ ወረቀቱን ሳበ። በዚህ መሃል፣ የማይሰሙ መስለውኝ የነበሩት እማማ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። ድምፃቸው እንደ ደረቀ ቅጠል ነበር፤ ሐኪሙ ለመስማት ጎንበስ አለ።

"እኔ ነኝ እንቢ የምለው" አሉት። "እሷ ምን ታድርግ። ትለፋለች፤ ልጅ ናት።"

ሐኪሙ አመናቸው። ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። እኔ ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ሰው በሞትና በሕይወት መሃል ሆኖ በእኔ ፈንታ ሲዋሽ ሰማሁና ዝም አልኩ። እንዲያውም ቀለል አለኝ። ያን መቅለል ከሁሉም በላይ አፍርበታለሁ።

ግሉኮስ ተሰካላቸው። ሐኪሙ፣ ከነቁ በየጥቂት ደቂቃው በማንኪያ ውሃ ስጪ፣ ባይወዱም ስጪ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ነቁ። በማንኪያ እሰጣቸው ጀመር። ዓይናቸውን ጨፍነው ይውጡና አፋቸውን ከፍተው የሚቀጥለውን ይጠብቃሉ። እንደገና እሰጣለሁ፤ እንደገና ከፍተው ይጠብቃሉ። አንድም ጊዜ በቃኝ አላሉም። ስቸኩል አንገታቸው ላይ ይፈስብኛል፤ የፈሰሰውን በጣቴ ጠርጌ ከንፈራቸው ላይ አደርግላቸው ነበር።

በሁለተኛው ቀን ያቺ ሥራ ያስተማረችኝ ባልደረባዬ ልትተካኝ መጣች። ምሳዬን ይዛልኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ሳህኑን ስትከፍትልኝ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሻዩን መገልበጤን፣ ፍትፍቱን፣ ጨርቁን፣ ለሐኪሙ ያልኩትን። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ስድስቱንም?" አለችኝ።

"ስድስቱንም።"

ቀስ ብላ፣ አንሶላ እኮ የሚረጥበው ሰው በሕይወት ስላለ ነው አለች። ምሳዬን ከድና አጠገቤ አስቀመጠችና ወደ እማማ ገባች።

እማማ ዳኑ፤ በአምስተኛው ቀን መለስናቸው። ባልደረባዬ የአባቶችን ቁርስ ጨርሳ ሩጫ እየመጣች ታግዘኝ ጀመር። ብልሃቱ ፖፖ ነበር፤ ሌላ ብልሃት አልነበረም። እንደነቁ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ከምሳ በፊት፣ ከሻይ በኋላ፣ ልወጣ ስል፣ እያንዳንዷን እናት ሁለት ሆነን አንስተን ፖፖ ላይ እናስቀምጣለን፣ እንጠብቃለን። አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። መጋረጃውን እንደገና ሰቀልነው። ወገቤ ማታ ማታ አልቀና እስኪል ያመኝ ነበር። ውሃና ሻይ ለሁሉም እንደፈለጉት ተሰጠ። አንሶላም ረጠበ፤ እንደ ድሮው ስድስቱም ባይሆን፣ ሦስቱ ወይም ሁለቱ።

ሲስተር እንደገና መዳሰስና "ይቺ ረጥባለች" ማለት ጀመሩ። አንድ ጠዋት በሠራተኛው ፊት፣ ያ ጉብዝናሽ የት ገባ፣ ምን ነካሽ ብለው ጠየቁኝ። ባልደረባዬ በር ላይ ቆማ ነበር። አየችኝ። ይህ ሁለተኛው ዕድሌ ነበር። ሲስተር ነርስ ናቸው፤ ብነግራቸው ምናልባት ዳሰሳቸውንም ይተዉት፣ ለሌሊትም ሰው ይጨምሩ ነበር። "ብርዱ ነው፣ ሲስተር" አልኩ። ባልደረባዬ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አላጋለጠችኝም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ከሥራ ጉዳይ በቀር ብዙ አላወራችኝም።

በጥቅምት ፀሐይዋ ስትመለስ እማማን በወንበር ተሸክመን ጓሮ እናወጣቸው ነበር። አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን ፀጉራቸውን ሳጥብላቸው ለብዙ ቀን ያጠናሁትን ንግግር ጀመርኩ። ያኔ ውሃ የከለከልኩዎት ለእርስዎ ብዬ ሳይሆን ለራሴ ብዬ ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ከኋላቸው ስለነበርኩ ፊታቸውን አላየሁም፤ ሆን ብዬ ነው ከኋላ ሆኜ የነገርኳቸው። ምንም አይደል ልጄ እንዲሉኝ ጠበቅኩ። ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ይላሉ፣ እኔም እሱን ሰምቼ ልገላገል ነበር።

"በጣም ጠምቶኝ ነበር" አሉ።

ከዚያ ከጆሯቸው ኋላ እንዳክላቸው ጠየቁኝ። አከክሁላቸው። በዚያው ዓመት ከፋሲካ በፊት፣ እኔ ተረኛ ባልነበርኩበት ቀን አረፉ።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ግን አንድ ነገር ዘልያለሁ፤ ስጽፍም እንደዘለልኩት እያወቅኩ ነው።

በነሐሴ፣ እንግዶቹ ከመምጣታቸው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በበሩ በኩል ካለው አልጋ የነበሩት እናት ሞተው ነበር። ያቺ ባልደረባዬ የመጀመሪያ ቀን ፈቃድ የጠየቀቻቸው፣ የማይናገሩት ናቸው። ጠዋት ስገባ ቀዝቅዘው አገኘኋቸው። ሲስተር መጥተው አዩና ዕድሜ ነው አሉ፤ ሁሉም ዕድሜ ነው አለ። እኔም አልኩ። እውነትም እጅግ ያረጁ ነበሩ፤ ምናልባት ዕድሜ ነው። ከየት እንደመጡ፣ ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው የሚያውቅ አልነበረም። ጥም ይኑርባቸው አይኑርባቸው ደግሞ የሚናገሩበት አፍ አልነበራቸውም፤ ፎጣውንም ይዘውብኝ አያውቁም። ባልደረባዬ "ስድስቱንም?" ስትለኝ እሳቸውም ከስድስቱ አንዷ እንደነበሩ ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ሁለታችንም ስማቸውን አላነሳንም።

ቀብራቸው ላይ ከመጦሪያው ስምንት ሰው ሄድን። ዝናብ ነበር። ጸሎቱ አልቆ ወደ በሩ ስንመለስ፣ የማያውቁኝ አንድ የቤተ ክርስቲያኑ አዛውንት አስታማሚያቸው ማን እንደነበረች ጠየቁ። ሰዎቹ ወደ እኔ ጠቆሟቸው። አዛውንቱ ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ትከሻዬን ያዙና "ወላጅሽ ሳይሆኑ ጦረሻቸዋል። እግዚአብሔር ዋጋሽን ይክፈልሽ" አሉኝ።

ሁሉም ይጠብቅ ነበር። "አሜን" አልኩ።